በበዓል ቀን የተለቀመ ቡና

ከሰቃ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሀብት የላትም። ቆርቆሮዋ ዝጓል፤ ሙዳየ ምጽዋቷን የሚሰብር ሌባ ቢመጣ አዝኖ ከኪሱ ጨምሮባት የሚሄድ ይመስለኛል። የሞላት ነገር በዓል ነው። እኔ ደግሞ ቀይ ቡና ዛፍ ላይ እያየሁ ቤት መቀመጥ አልችልም፣ እጄን ይበላኛል። በዚህ ጉዳይ ከቄሳችን ጋር ስንነታረክ ኖረናል።

አንድ ዓመት የጎረቤቴ ባል የቡና ጥላ ዛፍ ሲመለምል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። እሱ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ እሷ ስትመላለስ ቡናቸው ቀልቶ መርገፍ ጀመረ። ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። የመስጊዱ ሰዎች ለሕክምናው አዋጥተዋል፤ ለለቀማው ግን እጅ የተረፈው ሰው አልነበረም፣ የሁሉም ቡና አንድ ላይ ነዋ የሚደርሰው። ያ ቡና መሬት ላይ ከቀረ ደግሞ ቤቱ የዓመት ቀለቡን አጣ ማለት ነው።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙና፣ "ዛሬ የራሱን ቡና የሚነካ የለም። የታመመ ሰው ቡና መልቀም ግን ምጽዋት ነው፤ ቅርጫታችሁን ያዙ" አሉ። ሴትዮዋ ችግር ላይ ስለሆነች ማንም እሷ ቤት እህል እንዳይቀምስ፣ ውሃም ቢሆን ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። ጥሩ ሐሳብ ስለመሰለን ሴቶቹ እልል አልን።

ደጃፏ ስንደርስ ሮጣ ወጣች። አንድ በአንድ ሰላም ስትለን ቆይታ ዓይኗ የያዝነው ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስንቃችን ነው፣ እንዳናስቸግርሽ ብለን" አልኳት፣ የሚያስደስታት መስሎኝ።

ፊቷ ልውጥውጥ አለ። የአጥሩን በር በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። "ሂንታኡ! አይሆንም! ለደቦ የመጣ ሰው ሳይበላ ከደጄ አይሄድም። የተሰበረው ባሌ ነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ወላሂ፣ ካልበላችሁ ቡናው ይርገፍ!"

ተናደድኩ። ቡናዋ እየበሰበሰ ይሄ ሁሉ ኩራት ምን ይባላል? ግን እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ። ለደቦ የመጣን ሰው ሳያበላ የሸኘ ቤት እንዳለቀለት ቤት ነው የሚታየው፤ ከዚያ ወዲያ ለሠርግም ለልቅሶም የሚቆጥረው የለም። እኛ ደግሞ ይህንኑ ልንነግራት ይመስል ስንቅ ተሸክመን፣ ተሰልፈን መጥተናል።

ቄሱ ስንቃችንን ሁሉ አስሰብስበው አጥር ላይ አሰቀሉት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እህቴ" አሏት። "ጾም ላይ ስለሆንን ቅቤ የነካው አይሆንልንም እንጂ ያለሽን ስጪን።"

"ድስቶቼን ሁሉ ቅቤ ነክቷቸዋል፣ አባ። እርስዎ አይጨነቁ፣ ሌላ አላጣም" ብላ በሩን ለቀቀችልን።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ለቀምን። የረገፈውን እንኳ ከቅጠሉ ሥር እየፈለፈልን አወጣን። ሥራ የከለከለን በዓል ይህን ያህል ሲያሠራን ሳይ ሳቄ መጣ። ስንጨርስ ትኩስ የተቆላ በቆሎ በሰፌድ ሙሉ አቀረበች። ጨው በዝቶበታል፣ ቢሆንም ይጣፍጣል። ቄሱ ባርከው ዘገኑ፣ እኛም ተከተልናቸው። "ጨምሩ፣ ብሉልኝ!" እያለች ሰፌዱን ደጋግማ ሞላችው።

ውሃ ልቅዳ ብዬ ቤት ገባሁ። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ እየመታው ነቀዝ እንዳይነካው የዘር በቆሎ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት ባዶውን ቀርቷል። ምድጃው ሥር በቆሎው የተፈለፈለ የቆረቆንዳ ክምር አለ። ለሚመጣው ክረምት የምትዘራውን ነው የቆላችልን።

ዘወር ስል ከኋላዬ ቆማለች። "ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ውሃዬን ቀዳሁ። ወጥቼ ሣሩ ላይ ቄሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ቀና ብላ፣ እንግዶቿን ታያለች። ባሏ ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም።

"ብዪ እንጂ" አሉኝ ቄሱ።

ከሰፌዱ ዘግኜ በላሁ።