ከነነውሩ የተሰጠን ቃል

ከዋጃ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ስትነዱ በስተግራ ቁልቋል የሞላበት ኮረብታ ታያላችሁ። ለተሳፋሪ ምንም አይደለም። ፍየል ይወጣበታል፤ አንዳንዴ ከሥሩ ግመል ቆሞ የግራር ቅጠል ይቀነጥሳል። እኛ ግን እዚያ ላይ ተከብበን ከርመናል። ልጆቼ «አባባ፣ ስንት ሰው ገደልክ?» ይሉኛል። እኔ የምነግራቸው ስለ መግደል አይደለም። የሰጡት ሰው ሊያጥፉት ስለፈለጉት፣ እኛም አይታጠፍም ስላልነው አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ታጠፈ ወይስ ተጠበቀ ብትሉኝ ዛሬም አፌን ሞልቼ መመለስ ይቸግረኛል።

ሁሴን እባላለሁ። ጎብዬ አጠገብ ጤፍና ሽንኩርት የማመርት ገበሬ ነኝ፤ የዘመትኩት በሚሊሻነት ነው። ጦርነቱ ወደ ቆላው ሲወርድ መንግሥት ሰው አጠረው። መሣሪያና ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ብዙው ጫካ ነበር። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው የሟች ወገን እንዳያገኘው ክላሹን ይዞ ተራራ ይገባል። እሱን የሚያወርደው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የወረዳው አስተዳዳሪ ዘወልድ የምንላቸውን አስታራቂ ሽማግሌዎች ይዘው ከቆቦ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆሙ። ሰውየው ንግግር ይችሉበታል፤ ያን ቀን ግን ንግግር ብቻውን አልበቃም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ ይማም እርጥብ ሣር ነጭተው አስያዟቸው። በእኛ ዘንድ ደም የሚደርቀው በሣር ነው። ሣር ይዞ የተናገረ ሰው የተናገረውን መልሶ አይውጥም።

«ዛሬ ከእኛ ጋር የተሰለፈ ሁሉ» አሉ አስተዳዳሪው፣ «ከነደሙ፣ ከነበደሉ፣ ከነነውሩ የእኛ ነው። ምን ሠራህ፣ ምንድን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።»

ሼህ ይማም ዝም ብለው አላለፉትም። «ከነነውሩ ብለሃል?»

«ከነነውሩ ብያለሁ።»

ሣሩ ለየሰዉ፣ ደም ላይበቀሉ ለማሉት የሟች ዘመዶችም ጭምር ተከፋፈለ። ከእኔ ኋላ የቆመው ሞላ የሚባል የቆቦ ልጅ ነበር። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ የእኛን ሽንኩርት ወደ ላይ እስከ መቀሌ፣ ወደ ታች እስከ አዲስ አበባ የሚያደርስ። ሌሎቻችን ሣሩን ጥቂት ይዘነው ቆይተን ጣልነው። ሞላ አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲከተው አየሁት፤ ምን ያደርግለታል ብዬ ሳቅሁ።

ትእዛዙ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጣ። «ኮረብታውን ያዙ። መንገዱን ጠብቁ። ደጀን ይከተላችኋል።» ያዝን። ጠበቅን። ደጀኑ አልተከተለም። ከሰዓት በኋላ ከኋላችን፣ ከቆቦ በኩል ተኩስ ሰማን። መሪያችን ሃምሳ አለቃ ሰይድ የቀድሞ ወታደር ነበር። ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠና «ይሄ የእኛ አይደለም» አለ። መንገዱ ከኋላ ተቆርጦ ነበር።

ከበባ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነገ ይከፈታል ትላለህ። ከዚያ ነገን መቁጠር ትተዋለህ። ሜዳው ላይ የደረሰ ማሽላ ይታየናል፤ የሚያጭደው የለም፣ ወፍ ይበላዋል። ገበሬ ስለሆንን ከጥይቱ እኩል እሱ አናደደን። ማዶ ያሉትም ከእኛ የተለዩ ፍጡሮች አልነበሩም። ንፋሱ ሲያመጣው ሲጣሩ ይሰማናል፤ ከእነሱ መሀል ቆቦ ገበያ አብሮን የዋለ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጠዋት ሞርታሩ ይጀምራል። ከዚያ ዲሽቃው። ከዚያ ሰው ሽቅብ ይወጣል። እንመልሳለን። ቀትር ላይ ሐሩሩ ሁለታችንንም ያስቆመናል።

ሃምሳ አለቃው ሁለት ሁለት አድርጎ በየምሽጉ መድቦናል። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ምሽግ የሞላና የአለባቸው ነበር። አለባቸው በዋርካው ቃል ከጫካ ከወረዱት አንዱ ነው። በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ስንት ክረምት ዋሻ ለዋሻ ያሳለፈ፣ ቁጡ፣ ግን ጨዋታ የሚወድ ሰው። ምሽጎቹ ስለተቀራረቡ የሚያወሩት ይሰማኛል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጠዋት ሁለት ሰው ከቀበርን በኋላ፣ ሃምሳ አለቃው በየምሽጉ እየተሳበ ዞረ። «ሁልህም መርዶህን ለጓደኛህ ንገር» አለን። ማን እንደሚሞት አይታወቅም፤ የተረፈው ለማን እንደሚያረዳ ይወቅ ማለቱ ነው። እኔ ለጓደኛዬ ነገርኩ። ከጎን አለባቸው ሲናገር ሰማሁ።

«ለሚስቴ ንገርልኝ። ጠዋት ግን አይሁን። ላም እያለበች ከሆነ ወተቱን ታፈሰዋለች።»

ሞላ ሳቀ። ከዚያ የራሱን ተናገረ። «ለእናቴ፣ ቆቦ። ደሴ ደግሞ አንድ ሰው አለ። ለእሱም ንገርልኝ።» የሰውየውን ስምና የሚሠራበትን ጋራዥ ነገረው።

«ወንድምህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንህ ነው?»

«አንተ ሚስትህን እንዴት ነው የምታስባት? እኔም እሱን እንደዚያ ነው።»

አለባቸው ከምሽጉ ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥይት አፏጨች። «ተኛ!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው። አለባቸው በደረቱ እየተሳበ ሄደና «ቀይረኝ» አለው። ምክንያቱንም ነገረው፤ ሁላችንም ሰማን። ሃምሳ አለቃው ሞላን አየው።

«እውነት ነው የሚለው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን ነገርከው ታዲያ?»

«ከነነውሩ ተብሏል» አለ ሞላ። «እኔ ከዚህ ሌላ ነውር የለብኝም።»

ሃምሳ አለቃ ሰይድ ፊቱን አሻሸ። ከዚያ ለአለባቸው እንዲህ አለው፦ «የምቀይርበት ሰው ቢኖረኝ የምቀይርበት ኮረብታም ይኖረኝ ነበር። ግባ ምሽግህ።»

እኔም ደንግጫለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንጂ አጠገቤ ከሚተኛ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። መሄጃ ቢኖር ብዙዎቻችን ፈቀቅ እንል ነበር። መሄጃ አልነበረም። ወደ ታች ዲሽቃ፣ ወደ ኋላ የተቆረጠ መንገድ፣ ከጎንህ ደግሞ የማታውቀው ሰው። እሱም ቢሆን ከእኛ ማምለጫ አልነበረውም፤ ይሄን ለመረዳት ግን ትንሽ ቆየሁ።

ውሃችን አንድ ቢጫ ጀሪካን ላይ ደርሶ ነበር። በክዳኑ እየተሰፈረ በየተራ እንጠጣለን። ያን ቀን ክዳኑ ከሞላ እጅ ወደ አለባቸው ሲዞር አለባቸው እጁን ሰበሰበ። ሞላ ራሱ «እኔ መጨረሻ ልጠጣ» አለ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ሆነ። መጨረሻ የሚደርሰው አንዳንዴ የረጠበ ክዳን ብቻ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ሃምሳ አለቃው ይሄን ሁለት ቀን አየና በሦስተኛው ክዳኑን ሞልቶ ከሁሉ በፊት ለሞላ ሰጠው፤ ሲጨርስ ተቀብሎ ሳይጠርገው ሞልቶ ጠጣ። «ያው ውሃ ነው» አለ። በማግሥቱ ጠዋት ሞርታር ወሰደው። አላህ ይዘንለት።

የመጨረሻው ማጥቃት የመጣው ያለ መሪ ሳለን ነው። እስከ ምሽጋችን አፍ ደረሱ። የአለባቸው ክላሽ ጥይት ነክሳ አልተኩስ አለች። ሲታገላት ሞላ ከላዩ ቆሞ ተኮሰ። ካዝናው አለቀ። ሌላ አስገባ። አሁንም ቆሞ ተኮሰ። አለባቸው እግሩን ይዞ ጎትቶ ወደ ምሽጉ ጣለውና «አብደሃል እንዴ!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ተኮሱ። ረፋዱ ላይ ከቆቦ በኩል ተኩስ ሰማን። ጆሯችንን አዘነበልን። የእኛ ነበር። አለባቸው የቀረችውን ውሃ ለሞላ ሰጥቶ ከእሱ ቀጥሎ ጠጣ። ይቅርታ አላለውም፤ እሱ የማይለው ነገር ነው።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ሸጋ ነበር። ቆቦ ከገባን በኋላ ግን ወሬው ወጣ። ከእኛ አንዱ አፉን ከፍቷል፤ ማን እንደሆነ አላጣራንም። የሞላ እናት በር በድንጋይ ተደበደበ። የሰፈር ጎረምሶች ከከተማው ካልወጣ ቤቱን እናቃጥላለን አሉ። አስተዳዳሪው ነገሩን ሲሰሙ ፖሊስ እንዲይዘው አዘዙ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኮረብታውን የያዝነውን ሊያመሰግኑ ያው ዋርካ ሥር ጠሩን። እኛ ተነጋገርንና ሞላን መሀላችን አድርገን ሄድን። እንዲሸለም አይደለም የፈለግነው። እናቱ ቤት፣ አልጋው ላይ፣ ሳይታሰር እንዲያድር ነው።

አስተዳዳሪው ሲያዩት ንግግራቸውን አቋረጡ። «ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቃልዎን ይዞ መጣ» አልኳቸው።

«እኔ ቃል የሰጠሁት ስለ ደም ነው። ለዚህ ዓይነቱ አይደለም። ለዚህ ሕግ አለ።»

አለባቸው ተነሣ። «ሰው ለገደለስ ሕግ የለም እንዴ ክቡርነትዎ? እኔ ሰው ገድያለሁ። እርስዎ ግን ባለፈው ሰላም ብለው ጨበጡኝ። የእሱን ሥራ አልወደውም፤ በፊቱ ነው የምናገረው። ነገር ግን የያዝነው አንድ ሣር ነው። የእሱ ቃል ከፈረሰ የእኔም ፈረሰ። ዛሬውኑ ጫካዬ እገባለሁ፤ የሟች ወንድምም ይፈልገኝ።»

ከኋላ ሌላ ደመኛ ተነሣ። ሌላም ተከተለ። ከወዲያ የሟች ዘመዶችም ብድግ አሉ፤ ቃሉ ከፈረሰ እነሱም ከመሐላቸው ነፃ ናቸውና። ያን ጊዜ የአስተዳዳሪው ፊት ተለወጠ። ስንከበብ የሃምሳ አለቃ ሰይድን ፊት አይቼዋለሁ፤ ልክ እሱን መሰለኝ።

ሁሉም ሼህ ይማምን አየ። ሽማግሌው ተነሡ። «እኔም አልወደውም» አሉ። «ወላሂ አልወደውም። ከነነውሩ ስትል ግን ደግሜ ጠይቄሃለሁ። ከዚህ በቀር አላልክም። እኔ የተያዘ ሣር ለሁለት አልከፍልም።»

ፖለቲከኛ ግን ሲጠበው መውጫ አያጣም። «መልካም» አሉ አስተዳዳሪው። «በእኔ ወረዳ ውስጥ ማንም አይነካውም፤ ፖሊስም አይይዘውም። ከጎብዬ እስከ ዋጃ። ከዚያ ወዲያ እኔ የሰጠሁት ቃል የለም።» ሰው ተበተነ። እኛም አሸነፍን ብለን ተቃቀፍን። ሞላ አልተቃቀፈም። እሱ የአገር መንገድ ሹፌር ነው፤ ቃሉ እስከ የት እንደሚያስኬድ ከእኛ ቀድሞ ገብቶታል።

ቃሉ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ይሄን ለአስተዳዳሪው አልነፍጋቸውም። የእናቱን በር የሚደበድብ የለም። ሞላ አይሱዙውን ትቶ ባጃጅ ይነዳል። የሚሳፈርለት አለ፤ ሲያየው መንገድ የሚሻገርም አለ። የዋርካው ወሬ ግን በአጎራባች ወረዳዎቹ ሁሉ ስለተሰማ፣ ከጎብዬ ካለፈ የሚይዘው፣ ከዋጃ ካለፈ የሚደበድበው አያጣም። ሰው የገደለው አለባቸው ደሙ ደርቆለት አገር ምድሩን ይዞራል። አንድ ሰው የወደደው ሞላ ከአንድ ወረዳ አይወጣም። ይሄን ሳስበው ያናድደኛል።

የሞቱብን አምስት ናቸው። ሃምሳ አለቃ ሰይድ። ከሮቢት የመጡት ወንድማማቾች ደምሴና አያሌው። ብሬን ተኳሹ መሐመድ። ካሣው፣ የመጨረሻው ቀን። ኮረብታው ላይ ነው የቀበርናቸው። በየዓመቱ ሄደን መቃብራቸውን እንጠራርጋለን፤ ከቆቦ በባጃጅ የሚያደርሰን ሞላ ነው። ዋጃ ጫፍ ካለው የመጨረሻ ቤት ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል። ኮረብታው ከዚያ ይታያል። «እናንተ ሂዱ፤ የእኔ ቃል እዚህ ድረስ ነው» ይለናል። ስንመለስ እዚያው ቆሞ እናገኘዋለን።

በቀደም አለባቸው ለጉዳይ ደሴ ሄዶ ጋራዡን ፈልጎ አገኘው። ሞላ ከዋርካው ቀን ጀምሮ፣ በእሱ ምክንያት የሰውየው ስም እንዳይነሣ ብሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ ነበር። ሰውየውም ሞላ ጦርነቱ ላይ ሞቷል ብሎ ቁርጡን አውቆ ነበር። አለባቸው ሰውየውን በስሙ ጠርቶ «ሞላ በሕይወት አለ። ከወረዳው ግን መውጣት አይችልም። አንተም ወደዚያ ባትመጣ ይሻላል» አለው።

ሰውየው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ታዲያ ይሄ መርዶ ነው ወይስ የምሥራች?» ብሎ ጠየቀው።

አለባቸው ይሄን የነገረኝ ማሳዬ ዳር ቆመን ነው። «ምን አልከው?» አልኩት።

«ምን እለዋለሁ አያ ሁሴን? ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አጠገቡ ተቀመጥኩ። እዚያው ዋልን።»