ሱቆቻችን እንግዳ ሲጠብቁ

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ ያን ሰሞን የደረሰብን ነገር ግማሹ ከዚሁ አመሌ የመጣ ነው።

አባቴ ልብስ የሚሰፋባት ሱቅ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩት ሰባት ሱቆች አንዷ ናት። ረድፉ የጣሊያን ጊዜ ሥራ ነው ይባላል። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ በሩ የጥድ ሳንቃ ነበር። ሳንቃዎቹ ማጠፊያ የላቸውም፤ ጠዋት አንድ በአንድ ይነሡና ግድግዳ ይደገፋሉ፣ ማታ በየተራቸው ይመለሳሉ። ተራቸው እንዳይሳሳት አናጢው በየጫፋቸው ላይ በመሮ ጭረት አበጅቶላቸዋል። ለአንድ ሰው ስለሚከብዱ ቀድሞ የደረሰ ጎረቤቱን ያግዛል። ስለዚህ በረድፉ ውስጥ ኩርፊያ ብዙ አይቆይም፤ ያኮረፈም ሰው ሱቁን መክፈት አለበታ።

ከእኛ በታች ያለው ሰፈር ፈርሷል። እኛም የማፍረሱ ፕላን ውስጥ ነበርን። ረድፉ በቅርስነት ከተመዘገበ ግን እንደማይነካ ተነገረን። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ አዲስ ደንበኛ የሚያፈራበት ዕድሜ የለውም። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፣ ፎቶውን እኔ አነሣሁ፣ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትኩትም እኔ ነኝ። ያልተጣላሁት ጸሐፊ የለም። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ፣ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት መጥቶ እንደሚያይ ተደወለልኝ።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። በማግስቱ ለሥልጠና ወደ አዳማ ስለምሄድ ቸኩያለሁ።

«አባዬ፣ ሰኞ የቅርስ ሰው ይመጣል። የሚያስተርፈን እሱ ነው። ለሁሉም ንገራቸው፤ እንዳታሳፍሩኝ፣ በቃ!»

«አታስቢ የኔ ልጅ» አለኝ።

ያልኩት ይኸው ነው። ምንም አትንኩ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሰኞ ጠዋት ከአዳማ መጥቼ መስቀል አደባባይ ወረድኩና የታክሲውን ሰልፍ ሳይ በእግሬ ወደ ላይ ወጣሁ። ያደግኩበትን ረድፍ ሳላውቀው አልፌው ሄጃለሁ። ስመለስ ድንጋዩ የለም። በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያሉት ሕንጻዎች የተቀቡትን ግራጫ ተቀብቷል። በሳንቃዎቹ ፋንታ ሰባት የላሜራ በሮች ተገጥመዋል። አባቴ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«እህ? አሳፈርንሽ?» አለኝ እየሳቀ።

ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ዐርብ ያላቸውን አዋጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ወገባቸው አላረፈም። መጀመሪያ እምቢ ያለውን ጎረቤታችንን፣ ፀጉር አስተካካዩን እንኳ አባብሎ አስማምቶታል።

«ሳንቃዎቹስ?»

«ለዳቦ ቤቱ ሰጠናቸው። አሮጌ እንጨት ለእንግዳ ይታያል እንዴ?»

ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ ከረድፉ ጀርባ ነው። አንዲት ሳንቃ፣ አንዲት ጭረት ያላት ስባሪ ባገኝ እያልኩ ገባሁ። ምድጃውን የሚያነደው ሰውዬ እጁን አራገፈና «እሱ እኮ ትናንት አለቀ፤ ደረቅ ጥድ እንዴት ይነዳል መሰለሽ!» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም። እሱ ምን አጠፋ?

ስመለስ ባለሙያው ደርሷል። ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የላክኋቸውን ፎቶዎች ይዞ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ግድግዳውን ያያል። አባቴ ከጎኑ ሆኖ አዲሱን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሲጢጥ እንደማይል እያሳየው ነው። ሰውየው ቀስ ብሎ ወደ ዳር ወሰደኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ፎቶ የዚህ ቤት ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ይሄ መቼ ተሠራ?»

«ቅዳሜና እሑድ።»

ለመንኩት። ሰው መለመን አላውቅበትም፤ ያን ቀን ግን ለመንኩ። ሲሚንቶው ይፈቀፈቃል አልኩት፣ ፎቶው ይመስክር አልኩት፣ የአባቴን ዕድሜ ነገርኩት።

«የምመዘግበው ያየሁትን ነው» አለ። «ያየሁት ደግሞ የሁለት ቀን ግድግዳ ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ፤ እጣላው ነበር። ወደ አባቴ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው፤ «እጅዎ ይባረክ አባቴ፣ በጣም አምሯል» አለውና መንገዱን ቀጠለ።

ወዲያው ጎረቤቶቻችን ከበቡኝ። በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው የባልትና ነጋዴ ቀድማ ክንዴን ያዘች። «ምን አለሽ? ተመዘገብን?» ሁሉም ያላቸውን ያወጡት አባቴን አምነው ነው። እውነቱን ብናገር ከነገ ጀምሮ እንዴት አብሯቸው ይውላል?

«አልተመዘገብንም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ወረቀቱን አጓድዬ ነው ያስገባሁት።»

ፀጉር አስተካካዩ አፈጠጠብኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትመላለሺ ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ? በአንቺ ተማምነን ቤታችን ይፍረስ?»

ለአንድ ቃል አሥር የምመልሰው እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንዲት ቃል ካወጣሁ እውነቱ እንደሚከተላት አውቄያለሁ።

«ተዋት» አለ አባቴ። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎታል። «እኔን ለማዳን ነው የምትዋሸው። ሰውየው ፎቶውን ሲያይ አይቼዋለሁ፤ የመጣው ድሮውን ፈልጎ ነው። ሳንቃውን ያስነቀልኩት፣ ድንጋዩን ያስለሰንኩት እኔ ነኝ። እኔ አፈረስኩት፤ ለአፍራሾቹ የቀራቸው መጥረግ ብቻ ነው።»

ይሰድቡታል ብዬ በመካከላቸው ገባሁ። ማንም አልሰደበውም። የባልትና ነጋዴዋ ክንዴን ለቀቀችና ባለሙያው በሄደበት አቅጣጫ እያየች ጮኸች።

«ታዲያ ምን አጠፋን? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሰናዳም እንዴ?»