በቁሟ ያለቀስኩላት ልጄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከደብረ ታቦር ወደ እኛ ቀበሌ የሚመጣው መንገድ በተኩስ በተዘጋበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ ጊዜ ሲያልፍ ይደበዝዛል። ይኼኛው ግን እንቢ አለኝ። ልጄ በሕይወት እያለች፣ ትንፋሿን እየሰማሁ፣ በአደባባይ ሙሾ አውርጄባታለሁና።

የምንኖረው ከጋፋት አለፍ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከወንዙ ወዲህ አንዱ ታጣቂ፣ ከወንዙ ወዲያ ሌላው ታጣቂ ሰፍሮ ነበር። እኛ ስም አንጠራም፤ “ወዲህኞቹ”፣ “ወዲያኞቹ” እንላለን። ሆስፒታሉ ያለው ከወዲያኞቹ ኋላ፣ ከተማው ውስጥ ነው።

ልጄን የሻረግን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ እንደወረደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ጤና ኬላውም ከተዘጋ ሰንብቷል። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ ሲነጋ አዋላጇ እጇን ታጥባ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

“ልጁ ተጋድሟል። ይኼ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ሐኪም ካላያት ሁለቱንም ታጫለሽ” አለችኝ።

ጮህኩ። በጩኸቴ የሴቶች እድራችን ተሰበሰበ። የእኛ እድር ቀብር ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ያን ዕለት ግን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ወንዶቹ ይሸከሟት እንዳንል፣ ጎልማሳ ሰው በዚያ መንገድ ከታየ ወይ “ሰላይ ነህ” ይሉታል፣ ወይ “ና ጠመንጃ ያዝ” ይሉታል። ሴቶችም ታማሚ ይዘው ሄደው፣ “በታማሚ አሳባችሁ መልእክት ታመላልሳላችሁ” ተብለው ከመንገድ ተመልሰዋል።

“ሬሳ ግን ያልፋል” አለች ሐዋ።

ሐዋ የሸማኔ ሚስት የነበረች ጎረቤቴ ናት። ባሏን የቀበርነው በዚያው ሰሞን ነው። “የእኔን ሰው ወደ ከተማው የሙስሊም መቃብር ስንወስድ ወዲህኞቹም ወዲያኞቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው ያሳለፉን” አለች።

የሻረግን ሬሳ አስመስለን እናሳልፋት ማለቷ እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። የእድሩ ሰብሳቢ እማሆይ ወርቄ መነኩሲት ናቸው። አማተቡና፣ “እኔ ሞታለች ብዬ አልናገርም። አንደበቴን ለዚህ አልሰጥም። ከቃሬዛው ፊት ግን እቀድማለሁ” አሉ።

“አንቱ ዝም ይበሉ እንጂ፣ ለውሸቱ እኛ መች አነስን!” አለች ሐዋ። በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቅ አመለጠን።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእድሩ አልቃሽ እኔ ነኝ። የሰው ቀብር ላይ ሳወርድ ኖሬ በገዛ ልጄ ቀብር ዝም ብል ማን ያምናል? “ሟርት ነው! በልጄ ላይ ሞት አልጠራም” አልኩ።

የሻረግ ከመደቡ ላይ ሆና ሰማችኝ። “እማ፣ ስሞት ከምታለቅሺ አሁን አልቅሺልኝ” አለችኝ።

ቃሬዛው ላይ አስተኛናት። ጋቢ ደረብንባት፣ ፊቷን በስስ ነጠላ ሸፈንን፣ የምትነክሰው ጨርቅ ሰጠናት። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። በመንገዳችን ላይ “ቄሱስ የት አለ?” ቢሉን፣ “የምትቀበረው ከተማ፣ በአባቷ ደብር ነው፤ ካህናቱ እዚያ ይጠብቁናል” ልንል ተስማማን።

ወዲህኞቹ ጋ ስንደርስ አንድ ሪዛም ሰው ድንጋይ ላይ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

“ምን ጉድ ነው! ቃሬዛ በሴት ትከሻ?”

“ወንድ የት ተርፎልን፣ ወንድሜ?” አለችው ሐዋ።

ሰውየው አቀረቀረ። በእኛ አገር ቃሬዛ የወንድ ነው። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ወንድ የያዘውን ትቶ ጥቂት ሳይሸከም አያልፍም፤ ነውር ነው። ይህን እንዴት እንደረሳነው አላውቅም። ዝም ብለው ያሳልፉናል ብለን ነበር እንጂ ይሸከሙናል ብለን አላሰብንም። ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ከፊት ገባ። ሦስት ሆነው ተከተሉት። እንቢ ብንል ይጠረጥሩናል።

ቁልቁለቱን እንደጀመርን ምጧ መጣ። ቃሬዛው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ደረቴን እየመታሁ ያወጣሁት፦

አንተ አፈር ተው ቆየኝ፣ ምን ያስቸኩልሃል፣
የኔ ልጅ ገና ናት፣ ሌላ መች ጠፍቶሃል?

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። እኔ ግን ማስመሰሉ ጠፋኝ። እያስመሰልኩ ነው ወይስ ከልቤ ነው፣ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።

ሪዛሙ ሰው ፊቱን ሳያዞር በዝግታ ጠራኝ። “እናቴ፣ ይቺ ሬሳ ትሞቃለች።”

“በማርያም! ምጥ ነው። ልጄ ናት” አልኩት።

“ዝም ብለው ያልቅሱ። ከኋላ ያሉት እየሰሙን ነው” አለኝ።

አለቀስኩ።

ወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ አለ። የወዲህኞቹ ወሰን እዚያ ያበቃል። ከማዶ ጠመንጃ ተደገነብን፤ “ማንም እንዳይሻገር!” አሉ። የተሸከሟት ቆሙ። የሻረግ ከነጠላው ሥር ስታቃስት ሰማኋት፤ ሐዋ ኡኡታዋን ለቀቀችው።

እማሆይ ብቻቸውን ድልድዩ ላይ ወጡና ጮክ ብለው፣ “ሴቶቹ ደክሟቸዋል! እነዚህ ልጆች ከዚህ ማለፍ አይችሉም! ኑ ተቀበሉ እንጂ፣ ወንድ አይደላችሁም?” አሉ። ከአፋቸው አንድም ውሸት አልወጣም።

ማዶ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አራቱ ጠመንጃቸውን ትተው መጡ። ድልድዩ መሀል ላይ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ተላለፈ።

“ቀስ! እንዳትነቀንቃት” አለ ሪዛሙ።

“ደግሞ ሬሳ ምን እንዳይሆን ነው?” አለው የወዲያኛው።

“እናቷ እያየች ነዋ።”

“እሺ፣ ልቀቅ።”

“ያዝካት?”

“ያዝኳት አልኩህ እኮ!”

እነዚያ ሰዎች ከጥይት በቀር ሌላ ነገር ሲለዋወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከተማው ጫፍ ላይ ሸኝተውን ተመለሱ። ዞር እንዳሉ ጋቢውን ገፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። ሐኪሞቹ ወዲያው ቀደዷት። ልጄ ተረፈች። ወንድ ልጅ ነበር፤ እሱ ግን ሳያለቅስ ወጣ።

ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለም፣ ሙሾም አይወርድም። በሕይወት ላለችው መንገዱን ሙሉ ጮኼ ለሞተው አንድ ቃል ሳልል ቀረሁ። የሆስፒታሉ አጥር ሥር ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች።

የሻረግ ቆማ መሄድ ስትጀምር እድራችን ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ሽማግሌ ጨምሮ ወደ ሁለቱም ሰፈር ሄደ። እማሆይ እዚያም የሆነውን አልደበቁም። “ሬሳ መስላ ያለፈችው ነፍሰ ጡር ነበረች። ለሞተ የምታወልቁትን ባርኔጣ ለምታምጥ አውልቁ” አሏቸው። አንዳንዱ አታለላችሁን ብሎ ተቆጣ። አንዳንዱ አቀረቀረ። በመጨረሻ ግን ነፍሰ ጡርና ታማሚ ፊቱ ተገልጦ ይለፍ ብለው ቃል ሰጡን። ብዙ ሴት በዚያ ቃል አለፈች። ሪዛሙን ሰው ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ ቃል የሰጡን ሰዎች በዚያ የሉም። ሌሎች መጥተዋል፣ መንገዱም እንደገና ተዘግቷል። እድራችን ወደ አዲሶቹ ሁለት ጊዜ ሄዶ መልስ ሳያገኝ ተመልሷል፤ ሦስተኛ እንሄዳለን። ከዚህ ሌላ የምናውቀው የለንም።

ባሏ ከቆላ ከተመለሰ ወዲህ የሻረግ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ ወሯ ገብቷል። ትናንት እህል ስንለቅም ቀና ብላ አየችኝና፣ “እማ፣ ሁለተኛ ሬሳ አልሆንም። ፊቴን ገልጣችሁ ውሰዱኝ” አለችኝ።

እሺ አልኳት። እሺ ያልኳት ግን እንደሚያሳልፏት አምኜ አይደለም።