ባኦዩንና የጫማው ማስታወቂያ

ዲንግ ባኦዩን ሰው ማመን የተወችው ክፉ ሰው ገጥሟት አይደለም፤ ሥራዋ አስተምሯት ነው። በቻይናዋ ቼንዳይ፣ ጫማ ያልነካ እጅ በማይገኝባት ከተማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሃይፌንግ በሚባል አንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ሠርታለች። ጫማውን ትገለብጠዋለች፣ ሶሉ የተጣበቀበትን ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ የፀጉር ያህል ክፍተት ከተሰማት «ይመለስ!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ሐኪም ስኳር እንዳለባት ነገራት። ክኒኑን ብቻውን አላመነችውም፤ ስለዚህ ሩጫ ጨመረችበት። በየማለዳው በባሕሩ ግንብ ላይ ትሮጣለች፤ ቀኝ እግሯ ላይ ቀይ፣ ግራዋ ላይ ነጭ ጫማ አድርጋ። ጓደኛው ተበላሽቶ ነጠላ የቀረ ጫማ ለሠራተኛ በርካሽ ይሸጥ ስለነበር፣ አልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ አላት። ሰው ሲስቅባት «እግሬን እስከያዘልኝ ድረስ ቀለሙ ምን አገባኝ?» ትላለች።

አንድ የመስከረም ማለዳ ካሜራ የያዘ ወጣት ግንቡ ሥር ተንበርክኮ እግሯን ሲቀርጽ አየችው። አልፋው ሮጠች። በማግስቱም እዚያው ነበር። በሦስተኛው ቀን ቆመች።

«አንተ! እግሬ ላይ ምን ጠፍቶህ ነው?»

ልጁ ደንግጦ ካሜራውን በእጁ ሸፈነ። ከኋላው ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ወጣት ሴት እየሮጠች መጣች።

«ይቅርታ እትዬ! ሺ ዩዌ እባላለሁ። ማስታወቂያ ነው የምንሠራው፤ ለሃይፌንግ የስፖርት ጫማ።»

«ፋብሪካው ነው የላካችሁ? ጫማውን ገዝቼ ነው። ደረሰኙም ቤት አለ።»

«ኧረ የምን ደረሰኝ! ጫማ ቀይጦ እንዲህ የሚሮጥ ሰው አይተን ስለማናውቅ ነው። ማስታወቂያችን ላይ እንዲሮጡልን ፈልገን ነው።»

«ስንት ልክፈል?»

«እኛ ነን እንጂ የምንከፍልዎት!»

«እሱማ ይብሳል» አለች ባኦዩን። በዚያ ሰሞን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሽማግሌና አሮጊት ስለሚያታልሉ ሌቦች ሲለፍፍ ነበር የከረመው። የሚቀበል ሌባ ይታወቃል፤ የሚሰጥ ሌባ ነው የሚያስፈራው።

ቢሆንም የዘረጉላትን የሥራ ውል ተቀበለቻቸው። «ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ይደር» ብላ ወሰደችው።

ማታ መነጽሯን አድርጋ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ያዘች። ባሏ ዌንጆንግ፣ የቀድሞው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ፊት ለፊቷ የኦቾሎኒ ሾርባውን ይጠጣል። ከውሉ ጋር ካሜራ ፊት የምትናገረው ቃል ተያይዟል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ባሌ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሐዘኔን ለመርሳት መሮጥ ጀመርኩ።»

ዌንጆንግ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ።»

«መቼ?»

«ቀኑን አልጻፉትም።»

«ታዲያ ይሄን ሾርባ ማን ነው የሚጠጣው?»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። በነጋታው ሺ ዩዌን ቤት ጠራቻት። በሩን የከፈተላት ዌንጆንግ ነው።

«ግቢ» አለቻት ባኦዩን ከውስጥ። «ሟቹ እሱ ነው፤ ተዋወቂው። ሻይ ይቅዳልሽ።»

የሺ ዩዌ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። «እትዬ፣ የጻፉት ሻንጋይ ያሉት አለቆቼ ናቸው… የሰው ልብ እንዲነካ ብለው ነው።»

«ባሌን በቁሙ ቀብራችሁ ጫማ ልትሸጡ?»

«ለለቅሶው ምን እንዳሰቡልኝም ጠይቂያቸው» አለ ዌንጆንግ ሻይ እየቀዳ።

ሺ ዩዌ ያንን ቃል ልታሰርዝ ማለች። ባኦዩንም በበኩሏ አንድ ነገር ተናገረች፦ ፊልሙ አልቆ በዓይኗ ሳታየው አትፈርምም። ልጅቷ ስልክ ደውላ ከአለቆቿ ጋር ብዙ ከተከራከረች በኋላ ተስማሙ።

የቀረጻው ቀን ከሻንጋይ የመጣው ዳይሬክተር ግንቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አዲስ ጥንድ ጫማ ከነካርቶኑ ሰጣት። እሷ ከማጥለቋ በፊት፣ እንደ ልማዷ፣ ገለበጠችውና አውራ ጣቷን ዙሪያውን አስኬደችው። የግራው አፍንጫ ላይ ስትደርስ ሶሉ አፉን ከፈተ።

«ይመለስ!» አለች ሳታስበው።

ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። «ይሄ ነው! የምናሳየው ይሄንን ነው! ‹እሷ ያላሳለፈችውን አንሸጥም!› ይገርማል!»

ደስታው ግን ፈጠነባት። ቀና ስትል ሁለት ካሜራዎች እጇ ላይ ተተክለዋል። ለሩጫ ተብሎ የመጣ ካሜራ እጇ ላይ ምን ይሠራል? ጫማውን ወደ ፀሐይ አዙራ ክፍተቱን አጥብቃ አየችው። ማስቲሽ በራሱ ሲለቅ እየተሳበ እንደ ክር ይቀራል። ይሄ ክር የለውም፤ እንደ ምላጭ የተስተካከለ ነው።

«በራሱ የለቀቀ አይደለም» አለች። «በቢላ ነው የተነሳው።»

ሺ ዩዌ ወደ ባሕሩ ዞረች። ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን አስተካከለ። «እትዬ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው። ወጥ ያለ ቅመም…»

«ስማኝ ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት መልሻለሁ፤ ያልተሳሳተ ሰው ሥራ ግን መልሼ አላውቅም። ይሄን ያጣበቀችው ሴት በደንብ አድርጋ አጣብቃዋለች። ያበላሻችሁባት እናንተ ናችሁ።»

ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ፣ ያልተፈረመውን ውል በቦርሳዋ እንደያዘች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ማንም አልደወለላት። ቆጭቷት ነበር፤ ለዌንጆንግ ግን አልነገረችውም። አንድ ከሰዓት ሺ ዩዌ ብቻዋን መጣች። ፊርማ ስለሌለው የዳይሬክተሩ ፊልም ቀርቷል አለቻት። ካሜራ የያዘው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ማለዳዎች ያነሳውን ግን ራሷ ቆርጣ ቀጥላዋለች። በስልኳ አሳየቻት፦ ቀይና ነጭ ጫማ፣ ግንቡ፣ የሩጫዋ ትንፋሽ። ሌላ ምንም የለውም።

«መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል» አለች ሺ ዩዌ። «እርስዎ ይበሉት።»

ባኦዩን መነጽሯን አስተካክላ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጫማ ፈተሽኩ። አሁን የራሴን እየፈተሽኩ ነው» አለች።

ፊልሙን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ቢላው የቱ ጋ እንዳለ ፈለገች፤ አጣችው። ፈረመች።

ኅዳር ላይ ፎቶዋ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተሰቀለ። የቀደመውን ጽሑፍ ታሪክ የሰሙ የዌንጆንግ የቼዝ ጓደኞች «ሟቹ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይሉት ጀመር። ከዚያ አንድ ማለዳ አራት ሴቶች ግንቡ ላይ ቆመው ሲጠብቋት አገኘች። ልቧ ጠረጠረ፤ ዙሪያውን ቃኘች።

«ማነው የላካችሁ? ስንት ከፈሏችሁ?»

«ምን ትላለች ይቺ!» አለች ክንደ ወፍራሟ። «ማን ይከፍለናል? ሹ ቺያዎጂ ነኝ፤ በአንድ ቀን አርባ ጥንድ መልሰሽብኝ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት!»

ባኦዩን ተጠግታ አየቻት። «አስታወስኩሽ። ማስቲሽ ትቆጥቢ ነበር።»

«አይ አንቺ! እስካሁን አልለቀቀሽም?» ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቺያዎጂ ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔንም ስኳር አግኝቶኛል። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ አለኝ፤ ብቻዬን አፈርኩ። አንቺን አይተን ነው የመጣነው።»

ባኦዩን ጎንበስ ብላ የቺያዎጂን ጫማ ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችላት፤ ከዚያ ከፊት ሆና፣ ጉልበት የሚያማት እንኳ ወደ ኋላ እንዳትቀር፣ ቀስ ብላ መሮጥ ጀመረች።