ጨረቃን ከውስጥ የቆለፈው ማን ነው?

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ሴት ልጅ፣ ሁለት በግ እና ሱቄ ያለበት ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የነበረኝን መልካም ስም ነው። የሆነው ካቻምና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ልርሳው ብልም ጨረቃ በየወሩ እየወጣች ታስታውሰኛለች።

እኔ እዚህ ባሕር ማዶ የበርበሬ፣ የሽሮና የጤፍ ነጋዴ ነኝ። የተማርኩት አገር ቤት፣ መንገድ ላይ ነው፤ ሲጋራ በነጠላ እየሸጥኩ። ስለዚህ ሰው ሲያወራኝ የሚለውን ሳይሆን የሚዘለውን ነው የማዳምጠው።

ልጄ ሊዲያ ፋርማሲስት ናት። አንድ ቀን እናቷ ጽጌ "እሑድ ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ።

"ማን ልኮ?"

"ናትናኤል።"

ልጁን አንድ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ቀጭን ነው፤ ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል። ሥራው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ እናትም ልጅም ወሬ ይቀይራሉ። ሥራው የማይነገር ሰው ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ ሥራ የለውም። እምቢ ለማለት ቆረጥኩ።

ሊዲያ ነቅታብኛለች። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ ነው የምነግርህ" አለችኝ። "ኖ ካልክ ተደብቄ አላገባም። ግን ሌላ ሰውም አላገባም። ኦኬ?"

ልጄ እኔን ነው የወጣችው። አንዴ ዋጋ ከጠራች አትቀንስም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስኔልቪል ሰፈር ካለው ቤቴ ሦስት ሽማግሌዎች ከተፍ አሉ። መሪያቸው አቶ በላቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ አሁን ለቤተ ክርስቲያናችን ማሠሪያ የሎተሪ ትኬት እየዞሩ የሚሸጡ። ልጁ ወጉ ስለሆነ አብሯቸው አልገባም። መኪናውን ደጅ ፓርክ አድርጎ እዚያው ይጠብቃል። በእኛ በኩል የጽጌ አጎት ጋሽ ጥላሁን ተሰይመዋል።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም" አሉ አቶ በላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀዘቅዘውን ዶሮ ወጥ በጎን እያዩ። "ልጃችን ጨዋ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነው። ፒችትሪ ኮርነርስ ትልቅ ኦፊስ አለው።"

"ምን ይሠራል?"

ሦስቱም ተያዩ። "ታሪክ ጸሐፊ ነው።"

"የማንን ታሪክ?"

"የጨረቃን።"

በኋላ እንደገባኝ ናትናኤል የሚጽፈው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን በሴት ልጅ አባት ፊት "ጌም" ማለት ነውር መስሏቸው፣ መኪና ውስጥ ተማክረው ቃሉን ዘለሉት። ቃሉ ሲዘለል ጨረቃዋ ብቻዋን ቀረች።

ጋሽ ጥላሁን ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ጨረቃ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። አለቀ። ከዚህ ሌላ ምን ታሪክ አላት?"

"ምስጢራዊውን ታሪኳን ነው" አሉ አቶ በላቸው።

"ምስጢር ከሆነ እሱ እንዴት አወቀው?"

"ለዚሁ አይደል የሚከፈለው!"

እኔም ቀጠልኩ። "እስቲ ምስጢሩን እንስማው።"

አቶ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጨረቃ እርስዎ እንደሚያስቧት አይደለችም። የጥንት ሰዎች የሠሯት መጋዘን ናት። ከእኛ በፊት የነበረው ዓለም ዘሩም ጥበቡም እዚያ ተቆልፎበታል። ነገሥታቱ ያውቁ ነበር፤ ደበቁን።"

"ደበቁን" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ የእውነት አዝነው።

እስከዚያ ድረስ ለወጉ ያህል ነበር የማዳምጠው። መጋዘን ሲባል ግን ነቃሁ። መጋዘን ሥራዬ ነው።

"ቁልፉ የት ነው?"

"እዚያው ውስጥ።"

"ቁልፉ ውስጥ ከሆነ ከውጭ ማን ቆለፈው?"

አቶ በላቸው ባልደረቦቻቸውን አዩ፤ ባልደረቦቻቸው ዶሮውን አዩ። እስካሁን "እርስዎ" ሲሉኝ የቆዩት አቶ በላቸው በቁጣ ወደ "አንተ" ወረዱ።

"ባለቤቱ ውስጥ ነዋ! ልክ እንዳንተ! እኔ ትኬት ይዤ ስመጣ 'ዝግ ነው' የሚለውን ጽሑፍ ገልብጠህ ከጤፉ ከረጢት ጀርባ እንደምትደበቀው!"

ከኩሽና የሊዲያ ሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ የወንድ ነው፣ የሚመጣውም ከአቶ በላቸው ኮት ኪስ። ለካ ልጁ እንዲሰማ ከመግባታቸው በፊት ደውለውለት ስልኩን ኪሳቸው ከተውት ነበር።

"ያውጡት" አልኩ። አውጥተው ስፒከር ላይ አደረጉት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። አይ ሚን... ጌም ነው። የቪዲዮ ጌም። ታሪኩን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"ስለ ጨረቃ እየዋሸህ ደመወዝ ይሰጡሃል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ኢንሹራንስስ?"

"አለኝ።"

"ከጥርስ ጋር?"

"ከጥርስም፣ ከዓይንም ጋር።"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እውነተኛ በርበሬ ሸጬ የጥርስ ኢንሹራንስ የለኝም።

ጋሽ ጥላሁን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ረቡዕ መፈጠሯን ትክዳለህ?"

"ኧረ አልክድም! ረቡዕ ነው የተፈጠረችው። መጋዘን ያደረጓት በኋላ ነው።"

ጋሽ ጥላሁን "ይሁን" በሚል ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

በወጉ መሠረት "እንማከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ማለት ነበረብኝ። በሐሳቤ ደግሞ እምቢ። ግን ሽማግሌዎቹ የዘለሉትን ልጁ ሳይጠየቅ ተናገረ። ሊዲያ ኩሽና ውስጥ ሳቋን አቁማለች፤ ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ ገባኝ። በዚህ ቤት እንደዚያ ዝም ብላ አታውቅም።

"ተቀመጡ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" አልኩ።

ሽማግሌ ተቀምጦ ከበላ ልጅ ተሰጠች ማለት ነው። አቶ በላቸው ምርቃቱን ሳይጀምሩ እጃቸውን ታጠቡ። ናትናኤልም ከመኪናው ተጠርቶ ገባ፤ እጁን እያወናጨፈ።

ጌሙ አምና ወጣ። ጨረቃ ውስጥ እንደ እኔው ጺማም ነጋዴ አለ። ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠልጥሏል። ተጫዋቹ ሲመጣ ካየ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጦ ከከረጢት ጀርባ ይደበቃል። ሽማግሌ ካልተላከበትም አይከፍትም።

"ለምን ቶሎ አይከፍትም?" ብዬ አማቼን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ቶሎ ከከፈተ ጌሙ አለቀ" አለኝ። ይህ ንግድ ነው፤ ገባኝ።

አሁን ወጣቶች ሱቄ ድረስ እየመጡ ከእኔ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። የሚገዛ የለም። ጽሑፉን ልገልብጥ ስል ያጨበጭባሉ፤ ስለዚህ መገልበጥ ትቻለሁ። ይህን የሰሙት አቶ በላቸው በየሳምንቱ ትኬት ይዘው እየተዝናኑ ይገባሉ። ልጄን እሑድ እሑድ ከባሏ ጋር ስትስቅ ስሰማ ቅር አይለኝም። ትኬት ስገዛ ግን ቅር ይለኛል።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ልጅ አንድ ወጣች፣ አማች አንድ ገባ፣ ሠርጉ ላይ ሁለት በግ ተበላ። ቀሪ፣ አንድ መሳቢያ ሙሉ የሎተሪ ትኬት። እስካሁን አንዱም አልወጣም።