ጀማለዲን የቆጠበው ፓፍ

በአጋሮ እንደ ጀማለዲን የደከመ ሰው የለም። ድካሙ ለሦስት ቀበሌ ቢከፋፈል ይተርፋል ይባላል። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ የተሰጣ ቡና በእጁ ሲያገላብጥ ይውላል። ቤት ሲገባ ደግሞ እናትም አባትም እሱ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሰባት ዓመቷን ረይሃናን ብቻውን ያሳድጋል። ረይሃና አስም አለባት።

ጅማ ያሉ ሐኪሞች ሁለት የሚሳብ ፓፍ ሰጥተውታል። ሰማያዊው ሲያፍናት ቶሎ የሚያስተነፍስ ነው፤ ቡናማው ግን አፈናትም አላፈናትም ጠዋትና ማታ የሚወሰድ። የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቀዶ ፓፉን ይሰካበታል፤ ልጅቷ በአፉ በኩል ትስባለች። ኅዳርን ሙሉ ቡናማውን እንደ ሶላቱ ሳያዛንፍ ሰጣት። ሳሉ ጠፋ። ረይሃና የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ እያባረረች አከሳችው።

ይህን ያየችው ጎረቤቱ አደ ሀዋ ናት፤ የሰፈሩ ሐኪምም ፋርማሲም እሷው።

«ያ ጀማል፣ እንደ ፍየል የምትዘለውን ልጅ ምን ብለህ ታክማለህ? በሽታውን በስሙ እየጠራኸው እኮ ነው!»

«በየቀኑ ብለዋል እኮ፣ አደ ሀዋ።»

«እነሱ የአጋሮን አቧራ መች ያውቁታል! የቡና መፈልፈያው ሞተር እስኪነሳ አስቀምጥላት። ያኔ ነው የሚያስፈልጋት።»

ለደከመ ሰው እንዲህ ያለ ምክር ማር ነው። ቡናማውን ፓፍ በፌስታል፣ ፌስታሉን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ዘር እህል ቆጥ ላይ ሰቀለው።

ጥር ገባ፤ የቡና መፈልፈያው ተነሳ። የገለባው ብናኝ ከተማዋን ከመሙላቱ የተነሳ ዶሮዎቹ እያስነጠሱ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። በገበያው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ረይሃና በር ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አገኛት። ደረቷ ያፏጫል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጀማለዲን ሮጦ ቡናማውን አወረደ። ሁለቴ፣ አራቴ፣ ስድስቴ አሳባት። ምንም! ደንግጦ ወደ ሰማያዊው ዞረ፤ እሱን መንገዱን ሁሉ እያሳባት በሚኒባስ ጅማ ደረሱ።

ኦክስጅን ተደርጎላት ትንፋሿ ሲመለስ፣ ነርሷ ጽዮናዊት ጠየቀችው።

«ቡናማውን በየቀኑ ትወስድ ነበር?»

የጀማለዲን ፊት በራ። «ቆጥበነዋል ሲስተር! ከወር በላይ አልነካነውም። ይኸው ይዩት፣ ገና ከግማሽ በላይ አለው!»

ምስጋና ጠበቀ። ነርሷ ግን ግንባሯን አሸች።

«አባቷ፣ ሳሉ ጠፋ ማለት እኮ ዳነች ማለት አይደለም። የአየር ቧንቧዋ ውስጡ እንደተቆጣ፣ እንዳበጠ ነው፤ ትንሽ ብናኝ ሲነካው ይዘጋል። ይሄ ቡናማው በየቀኑ ሲወሰድ ቀስ እያለ ነው እብጠቱን የሚያበርደው። ታፍና ሳለ ቢሰጧት አይደርስላትም። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቡና አገላብጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየግማሽ ሰዓቱ እንጂ! ሻግቶ ካዩትማ አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያገላብጡት...»

በእጁ የያዘውን ቡናማ ፓፍ ተመለከተ። ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«እስከ መቼ ነው የምትወስደው?» አለ።

«እኛ ይብቃ እስክንል። ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

«ያ ረቢ!» አለ። ቡና እንኳ ደርቆ ጆንያ የሚገባበት ቀን አለው።

ቤት በተመለሱ በሳምንቱ አደ ሀዋ ልትጠይቅ መጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች! በል አሁን አሳርፋት።»

ጀማለዲን የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም። ቡናማውን ፓፍ ነቅንቆ ፕላስቲኩ ላይ ሰካው።

«ሳቢ። አሁን ትንፋሽሽን ያዢ።»

እስከ አሥር ሊቆጥር ጀመረ። ሰባት ላይ ዓይኑ ተከደነ፤ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ረይሃና ጉንጯ እንደተነፋ፣ ትንፋሿን ሳትለቅ፣ ጎኑን በጣቷ ወጋችው።

«ስምንት!» አለ በርግጎ። «ዘጠኝ፣ አሥር። ተጉመጥምጠሽ ትፊ፤ ማታም አለ።»