ያልጻፍኩት ሪፖርት

ጥቁርና ነጭ የመርማሪ ፊልም እወዳለሁ። ባለ ኮፍያው ፖሊስ ወንጀለኛው የገዛ ወዳጁ መሆኑን ሲደርስበት ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያመነታል። እኔ ደግሞ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ፣ “ምን ይጠብቃል ይሄ ቂል፣ አይዘውም?” እያልኩ እሰድበው ነበር። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው።

እኔም መርማሪ ነኝ፤ ኮፍያ የለኝም እንጂ። ሥራዬ ኬንት ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ካሜራ እያየሁ ዕቃ የሚሰርቅ ሠራተኛ መያዝ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የጽዋ ማኅበራችንን ሙሴ አየኋቸው። ማኅበሩን የሚመሩልን እሳቸው ናቸው፤ እዚያው መጋዘን ይሠራሉ። እዚህ አሜሪካ ስገባ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ መኝታቸውን የለቀቁልኝም እሳቸው ናቸው። የሽቶ ካርቶን ከፍተው ሁለት ብልቃጥ ጃኬታቸው ውስጥ ከተቱ። ቪዲዮውን አምስት ጊዜ መልሼ አየሁት፤ አምስት ጊዜም ሰረቁ።

በምሳ ሰዓት ፓርኪንግ ሄጄ የመኪናቸውን መስኮት አንኳኳሁ።

“ጋሼ፣ እዚያ ጋ ካሜራ አለ” አልኳቸው።

መሪያቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። “የምታየው አንተ ነህ?”

አዎ አልኩ።

“እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።”

ምንም ቃል ሳልገባላቸው አመሰገኑኝ። እኔም የዕለቱ መዝገብ ላይ ካሜራው ምንም አላሳየም ብዬ ፈረምኩ። ቪዲዮው በወሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ሽቶው መጉደሉ ግን ታወቀ። ካርቶኑን መጨረሻ ስካን ያደረገችው ከጎረቤት ከተማ ከቱክዊላ በአውቶቡስ የምትመላለስ፣ በዲቪ የመጣች ልጅ ነበረች። እሷም የማኅበራችን አባል ናት። በሳምንቱ አባረሯት። ቪዲዮው ያኔ ገና አልጠፋም ነበር፤ አንድ ገጽ ብጽፍ ትድን ነበር። አልጻፍኩም። ውለታ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ ፍርሃት ነበር፤ ሐሰተኛ ፊርማዬ እንዳይወጣ።

በሚቀጥለው ወር ጽዋው እኔ ቤት ደረሰ። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሳይቆረስ፣ እንደ ደንባችን ሙሴው ተነሥተው በሆዱ ነገር የያዘ ካለ ይናገር፣ ጽዋ የሚነካው ታርቆ ነው አሉ። በየወሩ ይሉታል፤ ማንም ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ልጅቷ ተነሣች። ከማንም እንዳልተጣላች፣ ግን በሌብነት ስሟ ጠፍቶ ሥራ የሚቀጥራት እንዳጣች ነገረችን፤ ጸልዩልኝ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“አንተ እንኳ ካሜራውን አይተሃል። እንዳልወሰድኩ ታውቃለህ።”

አውቃለሁ አልኩ። ሁሉም ሰው ደግነት መሰለው።

ሙሴው ወለሉን እያዩ፣ “እግዚአብሔር እውነቱን ያውጣልሽ” አሉ። ቤቱ አሜን አለ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።

ባለተራው እኔ ስለነበርኩ ጽዋውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ ጠጡ። ቀጥዬ ለልጅቷ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝና፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ።